ተልባና የጨጓራ ቁስል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተነገረ)



 ጨጓራው ሲያቃጥለው እናቱ ተልባ በጥብጣ ያላጠጣችው ከመካከላችን ማን አለ?

የተልባ ፍሬ ውሃ ሲነካው ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ጨጓራም ከገዛ አሲዱ የሚጠበቀው በዝልግልግ ሽፋን ነው። በቤተ ሙከራ የተልባ ዝልግልግ አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች አልኮል ሲሰጣቸው ጨጓራቸው ከሌሎቹ ያነሰ መቍሰሉ ታይቷል። እንግዲህ የእናቶቻችን ዕውቀት የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን አክስቴ ሕመሟን በተልባ ብቻ እያስታገሠች ብዙ ዓመት ቆየች። በመጨረሻ ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ይህም ቁስል ሲደማ የሚታይ ምልክት ነው። ሐኪም ቤት ስትመረመር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘባት። ይህን ባክቴሪያ በ1982 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳደጉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሲሆኑ፥ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አክስቴም ሐኪሙ ያዘዘላትን መድኃኒት ሳታቋርጥ ውጣ ዳነች። ተልባው ሕመሙን አስታገሠላት እንጂ ባክቴሪያውን አላጠፋላትም ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ተልባውን አትተዉ፤ ሕመሙ ሲመላለስ ግን ሳትዘገዩ ተመርመሩ። እኛም ተማሪዎች የአገራችንን ዕፀዋት በሳይንስ መንገድ ለመመርመር እንትጋ።