ከአበባ መደብ ወደ ችግኝ ጣቢያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

የምንናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከውኃው በርሜል አጠገብ ስላለችው ትንሽ የአበባ ችግኝ ጣቢያችን ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ ነገርም ጠባቂ ካጣ ይጠፋልና፥ በመጨረሻ የምንለምናችሁ አንድ ጉዳይ አለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መምህራችን ከሶዶ ሲመለሱ ጥቂት የሳልቪያ ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን። ሳልቪያ በዓለም ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዓይነቶች አሉት፤ ስሙም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሆኖ መዳንን ያመለክታል። ያመጡልን ቀዩ ሳልቪያ የትውልድ አገሩ ብራዚል ነው፤ በአገራችን ደጋም በራሳቸው የሚበቅሉ የሳልቪያ ዓይነቶች ይገኛሉ። ግንዱን በጣታችን ስንዳብሰው አራት ማዕዘን ሆኖ አገኘነው። መምህራችንም፥ «እንግዲህ በየቤታችሁ ጓሮ ይህን የመሰለ ግንድ ፈልጉ» አሉን። በማግሥቱ አንዱ በሶብላ፥ አንዱ ዳማከሴ፥ አንዷም የወላይታ ድንች ይዘው መጡ። ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ዕፀዋት መሆናቸውን ባወቅን ጊዜ፥ ያ የሩቅ አገር አበባ እንግዳ ሳይሆን ዘመድ መሰለን። ፍቅራችንም ከዚያ ቀን ጀመረ።

ፍቅር ብቻውን ግን አትክልተኛ አያደርግም። መጀመሪያ 60 ቁራጮች ተከልን፤ ከጉጉታችን የተነሣ ጧትም ማታም ውኃ አፈሰስንባቸው። በሦስተኛው ሳምንት 53ቱ በስብሰው 7 ብቻ ቀሩ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ያላበበ ቅርንጫፍ መርጠን፥ ጣት በሚያህል ቁመት ከአንጓው ሥር ቆረጥን፤ የታችኛውን ቅጠል አነሣን፤ አፈር፥ ብስባሽና አሸዋ ቀላቅለን በፕላስቲክ ከረጢት ሞላን፤ በሣር ዳስ ጥላ ሥር አኑረን አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጣን። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ ሥር ሰደዱ። ጎረቤት ስለ ለመነን ጥቂት ሰጠን፤ ሌላው ደግሞ ሊገዛ ጠየቀ። ችግኝ ጣቢያችን እንዲህ ተወለደች።

አንድ ቀን ከእናቶቻችን አንዷ ውኃ ተሸክመው ሲያልፉ ቆም ብለው፥ «ልጆቼ፥ ይህ ነገር ይበላልን?» ብለው ጠየቁን። አፈርን፤ የምንመልሰውም አጣን። ውኃ በጀርባ በሚመጣበት አገር አበባ ማጠጣት ቀልድ ሊመስል እንደሚችል ያን ቀን ተረዳን። ስለዚህ ሁለት ሕግ አወጣን። አንደኛ፥ ለአበባው ከእጅ መታጠቢያው የሚጠራቀመውን ውኃ እንጂ ንጹሕ ውኃ እንዳንነካ፤ ሁለተኛ፥ ከአበባው ከሚገኘው ገንዘብ ዋንዛና ወይራ እያፈላን ለወላጆች በነፃ እንድንሰጥ። በመጀመሪያው ሽያጭ 38 ችግኝ በ20 ብር ሸጠን 760 ብር አገኘን፤ ለከረጢትና ለመቀስ 310 ብር አወጣን፤ የቀረው 450 ብር በመዝገብ ተጽፎ ለዛፎቹ ዘር ማፍያ ዋለ። አበባው አይበላም፤ ነገር ግን ዛፍ ያበላል ልንል ችለናል።

ይህን ትምህርት ያገኘነው ከሩቅ አይደለም። በፊታችን ያለው የሁምቦ ተራራ ለከሰልና ለማገዶ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ቶኒ ሪናውዶ የተባሉት አውስትራሊያዊ ባለሙያ በኒጀር አገር ባስፋፉት ዘዴ፥ ከመሬት በታች በሕይወት የቀረውን ጉቶ እያረሙና እየጠበቁ፥ በጎደለውም ቦታ ችግኝ እየተከሉ፥ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት መልሶ ደን እንዲለብስ አደረጉ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ፥ የዓለም ባንክ የካርቦኑ ገዢ ሆነ። ተራራውን ያዳነው ተከላው ብቻ አይደለም፤ ተራ ገብቶ መጠበቁ፥ መተዳደሪያ ደንብ ማክበሩ፥ ሒሳብ መያዙ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዓይናችን ታየ።

አሁን ወደ ልመናችን እንመለስ። እኛ በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሣሩ ችግኙን ይውጠዋል፤ በበጋ ዕረፍት ደግሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ያለፈው ዓመት ዕረፍት ግማሹን አጥፍቶብናል። ስለዚህ ወላጆቻችን፥ በግቢው አቅራቢያ ያላችሁ በየሳምንቱ አንድ ቀን ተራ ገብታችሁ እንድታዩልን እንለምናለን። መምህራኖቻችን፥ መዝገቡን በየወሩ እንድትመረምሩልን እንጠይቃለን። እናንተ ታናናሾቻችን ሆይ፥ መቀሱን፥ ቁልፉንና መዝገቡን ዛሬ በሁሉ ፊት እናስረክባችኋለን። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የበሰበሱት 53 ቁራጮች ተጽፈዋል፤ አትፋቁት። እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትደግሙት ብለን ጽፈነዋልና።

ያችም እናት እዚህ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። በቤታቸው ደጃፍ ሁለት ሳልቪያና አንድ ዋንዛ ተተክሏል። ዋንዛው አሁን ከጉልበት በላይ ደርሷል።