የገበያው በር ላይ ያሉት አባት

የዛሬው ርዕሳችን ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው።

ዲኤንኤስ ሰርቨር ምንድን ነው? የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ፣ የስሙን የቁጥር አድራሻ የሚነግር ኮምፒውተር ነው። እስቲ እንዲህ እናስበው። ሜልቦርን ባለው ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ በር ላይ አንድ አባት ቆመዋል እንበል። «አባባ፣ ቅመም የሚሸጠው የት ነው?» ትሏቸዋላችሁ። ይጠቁሟችኋል። የዲኤንኤስ ሰርቨርም ሥራ ይኸው ነው።

ታዲያ እኚህ አባት፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ሥራቸውን መሥራታቸውን በምን እናውቃለን? አንደኛ፣ ሁኔታቸውን እናያለን። ቦታቸው ላይ አሉ? አሁን ስንት ሰው እየጠበቃቸው ነው? ባይንድ በተባለው ታዋቂ የዲኤንኤስ ፕሮግራም ይህን የሚያሳየው «አርኤንዲሲ ስታተስ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛ፣ ቆጠራው አለ። «አርኤንዲሲ ስታትስ» ስንል ሰርቨሩ ፋይል ላይ ይጽፍልናል፦ ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ መልስ አገኘ፣ ስንቱ «እንዲህ የሚባል የለም» ተባለ።

እኔ ቀድሜ የማየው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሰው ሁሉ የሌለ ሱቅ መጠየቅ ከጀመረ፣ ወይ ስም ተሳስቷል፣ ወይ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ስም እየፈጠረ ይጠይቃል። አባታችን ግን ደህና ቆመዋል! ችግሩን የሚያሳብቀው ቆጠራው ነው።



ታዲያ ልብ በሉ፤ ቆጠራው ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ እየተደመረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዴ፣ ነገ አንዴ እዩና ልዩነቱን አስሉ።