«አርፈው ይቀመጡ» ከማለታችን በፊት

የመርሳት በሽታ የያዛቸውን እናት ወይም አባት «እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» ማለት በእኛ ቤት የአክብሮት ወግ ነው። እኔ ግን አክብሮቱ ሳይታወቀን ጉዳት ይሆናል እላለሁ። በአልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የቅርቡን ነገር የማስታወስ ችሎታ ነው፤ እጅ በልማድ የተካነው ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቁርስ መብላታቸውን የረሱ እናት ቡናውን ለቅመው ማጠብ አያቅታቸው ይሆናል። ያንን ስንቀማቸው በሽታው ገና ያልወሰደውን እኛ ወሰድንባቸው ማለት ነው።

«እሳቱስ? ወጥተው ቢጠፉስ?» የሚል ይኖራል፤ ስጋቱ እውነት ነው። መልሱ ግን ሥራውን መከልከል ሳይሆን አደጋውን መነጠል ነው፤ ከሰሉን ሌላ ሰው ይያዝ፣ መልቀሙና ማጠቡ የእሳቸው ይሁን። በኔዘርላንድስ፣ ዌስፕ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሆግቬይክ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት መንደር ነው። የነዋሪዎቹ ሕመም የጠና ነው፤ ሆኖም ከግቢው ሱቅ ይገዛሉ፣ ምግብ በማብሰሉም ይሳተፋሉ። የሚጠበቀው የውጭው በር ነው። «ጊዜ ይፈጃል» የሚለው ክርክር ግን ይከብዳል፣ በተለይ አንዲት ልጅ ብቻዋን በምታስታምምበት ቤት። ወንድሞቿና እህቶቿ፣ እባካችሁ በየተራ አሳርፏት።