ደመወዝ አንቀበልም ያሉት ወዶ ዘማቾች



ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ተቋቁሞ ከሁለት ዓመት ጥቂት አልፎ ስለ ተበተነ አንድ የወዶ ዘማች ጦር ነው። ስሙ 54ኛው የማሳቹሴትስ እግረኛ ጦር ይባላል። የተቋቋመበት ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1863 ሲሆን፥ በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው የነበሩበት ጊዜ ነው። ከዚህ ወዲያ የማነሣቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሊንከን በዓመፁት ግዛቶች ለነበሩ ባሮች ነጻነት ካወጁ በኋላ፥ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ጆን አንድሩ ጥቁሮች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ጦር አቋቋሙ። አዛዡ የ25 ዓመቱ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ነበሩ። ጦሩ በማሳቹሴትስ ስም ይጠራ እንጂ ወታደሮቹ ከብዙ ግዛቶች የመጡ ናቸው። ከባርነት አምልጠው ታላቅ ተናጋሪ የሆኑት ፍሬድሪክ ዳግላስ ሌላውን ከመቀስቀስ አልፈው ሁለት ልጆቻቸውን ሰጡ፤ ታናሹ ቻርልስ ሲመዘገብ ልክ እንደ እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበረ።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ጁላይ 18 ቀን 1863 ምሽት በቻርልስተን አጠገብ የዋግነርን ምሽግ ለመያዝ ያደረጉትን ውጊያ ነው። ለማጥቃት ከወጡት 600 ያህል ሰዎች 272ቱ ሞቱ፥ ቈሰሉ ወይም ጠፉ። ኮሎኔል ሾውም ወደቁ፤ ጠላትም ከወታደሮቻቸው ጋር በአንድ ጕድጓድ ቀበራቸው። አባታቸው ግን የልጃቸው ሬሳ ከዚያ እንዳይነሣ ለጦሩ አለቃ ጻፉ።

እኔን ከምሽጉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የደመወዙ ነገር ነው። ሲመዘገቡ እንደ ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ይከፈላችኋል ተብለው ነበር። በኋላ የጦር ሚኒስቴር ለጥቁር ወታደር 10 ዶላር ብቻ ይሰጥ፥ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነስ ብሎ ወሰነ። በእጅ የሚደርሰው 7 ዶላር ሆነ። እነሱም አንቀበልም አሉ። በዋግነር የሞቱት ደመወዝ ሳይቀበሉ ሞቱ። የማሳቹሴትስ መንግሥት ጕድለቱን እኔ ልሙላ ቢል ይህንም እንቢ አሉ፤ ጥያቄያቸው የ6 ዶላር ሳይሆን የአገሪቱ መንግሥት ከሌላው ወታደር እኩል እንዲቈጥራቸው ነበርና። በዚህ መካከል ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በየቤታቸው ተቸገሩ። እውነቱን ለመናገር፥ እናትህ ተራበች የሚል ደብዳቤ ለእኔ ቢደርሰኝ 7ቱን ዶላር የምቀበል ይመስለኛል።

በጁን 1864 ኮንግሬስ እኩል ደመወዝ ፈቀደ። ነገር ግን ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ያለው ውዝፍ የሚከፈለው ኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነጻ ለነበሩት ብቻ ነው አለ። ከሾው በኋላ ጦሩን ያዘዙት ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል ለዚህ ብልሃት አገኙ። ወታደሩን ባሪያ ነበርህን ብለው አልጠየቁም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ሰው ያለ ዋጋ የመሥራት ዕዳ አልነበረብኝም ብለህ ማል አሉት። ባሪያ የነበረውም ሳይዋሽ ማለ፤ በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ ያለ ዕዳ የለምና። ከ18 ወር ያህል በኋላ ገንዘቡ ደረሳቸው።

ጦሩ በኦገስት 1865 ተበተነ። በዋግነር ቈስሎ ሳለ ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ የተመለሰው ሳጅን ዊልያም ካርኒ የጀግንነት ሜዳሉን የተቀበለው በ1900 ነው። በቦስተን ከተማ ለኮሎኔል ሾውና ለጦሩ የነሐስ ሐውልት በ1897 ሲቆም፥ በጀርባው የተቀረጸው የሞቱት ነጭ መኰንኖች ስም ነበረ። በዋግነር የወደቁት ወታደሮች ስም የተጨመረበት በ1982 ነው።