ሳይጋጠሙ መቅረት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ስለ ቅርጫት ኳስ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። በአሠልጣኙ በአሌክሳንደር ጎሜልስኪ የሚመራው የሪጋ ቡድን የሶፊያውን አካዴሚክ በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ1959ና በ1960ም ደገመው።

ነገር ግን በዚያው በመጀመሪያው ዓመት በግማሽ ፍጻሜ ሪጋን ይገጥም የነበረው የማድሪዱ ሪያል፥ ወደ ሶቪየት ኅብረት እንዳይሄድ በመንግሥቱ ስለ ተከለከለ፥ ሳይጫወት ቀረ። ሜዳ ያልገባ ቡድን ምን ይማራል?

በ1963 ግን መንገዱ ተከፈተለት። ለፍጻሜ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ከጦር ሠራዊቱ ክለብ ጋራ ተጋጠመ፤ ተሸነፈም። በሚቀጥለው ዓመት በ1964 የአውሮፓ ዋንጫ የእርሱ ሆነ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እኛ የሐይቅ ልጆች ወደ ውጫሌም ሆነ ወደ ደሴ ለግጥሚያ ስንጠራ፥ «ተዋርደው ይመለሳሉ» ብላችሁ፥ ወይም የትላልቆችን ቂም አስባችሁ አታስቀሩን። ወንድሙንም እኅቲቱንም ልቀቁልን። ተሸንፎ የተመለሰ ልጅ የጎደለውን ዐውቆ ይመለሳል፤ የገጠመውንም ልጅ በስሙ ጠርቶ ሰላም የሚል ወዳጅ ይሆናል። ከቤት የቀረ ግን ሁለቱንም አያገኝም።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።