ስለ ካቫሊየር ስፓኒየል ውሻ ጠባይና አያያዝ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ መነጋገር በለመደ ጉባኤ ፊት የአንድ ትንሽ ውሻን ነገር ማንሣት ለጊዜው እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው ለግዑዝ ነገር ብቻ ሳይሆን ለሕያው ፍጡርም ቅርጽ ሲያወጣ ኖሮአል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የተባለው የእንግሊዝ ውሻ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ይህን ውሻ በሚገባ ለመያዝ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዝርያው እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፓኒየሎች በመሠረቱ የአደን ውሾች ናቸው። ሥራቸውም በቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀውን ወፍ አሽትቶ ማስነሣት ነው። ትናንሾቹ ግን ከጫካው ይልቅ ወደ ቤተ መንግሥቱ አዘነበሉ። ከ1660 እስከ 1685 በእንግሊዝ የነገሠው ዳግማዊ ቻርልስ እነዚህን ውሾች እጅግ ይወድ ስለ ነበር ስሙ ለዝርያው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የባሕር ኃይል ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፣ ንጉሡ በምክር ጉባኤ ላይ ከውሻው ጋር ሲጫወት ማየቱን በዕለት ማስታወሻው በትዝብት መዝግቦአል።

ከጊዜ በኋላ የሰው ምርጫ ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ ግንባሩም የከበበ ውሻ ተወዳጅ በመሆኑ፣ አፍንጫው ረዘም ያለው የጥንቱ ዓይነት ከትርዒት ሜዳ ጠፋ ለማለት ይቻላል። በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ፣ በዚያን ዘመን በለንደን ይደረግ በነበረው የክራፍትስ የውሻ ትርዒት ላይ፣ የጥንቱን መልክ ይዞ ለሚቀርብ ውሻ 25 ፓውንድ እንደሚሸልም አስታወቀ። በ1928 የዝርያው ክበብ ተቋቋመ፤ አንስ ሰን የተባለው ውሻም የመልኩ ምሳሌ እንዲሆን ተመረጠ። ኤልድሪጅ ግን በዚያው ዓመት ስለ ሞተ የሽልማቱን ፍሬ ለማየት አልታደለም። ካቫሊየር ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በእንግሊዝ የተመዘገበው በ1945 ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሽልማቱ የጠየቀው የአፍንጫን ርዝመትና የራስ ቅልን ቅርጽ ነበር፤ ስለ ልብ ጤንነት የሚናገር አንድም ቃል አልነበረበትም። አርቢዎቹ ጥቂት ውሾችን እርስ በርሳቸው በማዳቀል የፈለጉትን መልክ አገኙ፤ ያልፈለጉትንም ደዌ ከመልኩ ጋር አብረው አራቡ።

የዚህ ውሻ ጠባይ በእርግጥ የሚመሰገን ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ30 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ5 ተኩል እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጆሮው ረዥም፣ ጠጕሩ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ጅራቱም ከመወዛወዝ የማያርፍ ነው። ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች የሚስማማ ገር ፍጡር ነው። ውሻን የግቢ ጠባቂ አድርጎ ማየት ለለመደ ሰው ግን ካቫሊየር ለዘብ ሥራ እንደማይሆን መንገር ያስፈልጋል፤ እንግዳውንም ሌባውንም በእኩል ደስታ ይቀበላል። ብቸኝነትን አይወድም። የአደን ስሜቱም ፈጽሞ ስላልጠፋ፣ የምትበር ወፍ ባየ ጊዜ መኪና ወደሚተላለፍበት መንገድ ዘሎ ሊገባ ይችላል።

ትልቁ ችግር በልቡ ላይ ነው። በግራው የልብ ክፍል ያለው ሚትራል ቫልቭ ከዕድሜ ጋር እየወፈረ ስለሚሄድ በሚገባ መዝጋት ይሳነዋል፤ ደሙም በእያንዳንዱ ምት በከፊል ወደ ኋላ ይመለሳል። ቫልቩ የሚያሾልክ ፓምፕ ምን እንደሚደርስበት ለዚህ ጉባኤ መግለጽ አያስፈልግም። አምስት ዓመት ከሞላቸው ካቫሊየሮች ግማሽ ያህሉ፣ አሥር ዓመት ከደረሱትም አብዛኞቹ፣ ይህ ምልክት ይታይባቸዋል። ሁለተኛው ችግር የራስ ቅሉ ለአንጎሉ የሚበቃ ስፍራ አለመስጠቱ ነው። በዚህ ምክንያት የፈሳሹ መተላለፊያ ሲጠብ በኅብለ ሠረሠሩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሻውም ብርቱ ሥቃይ ያድርበታል። ያለ ምክንያት አንገቱን ወይም ትከሻውን በአየር ላይ የሚያክ ካቫሊየር ሲታይ እንደ ጨዋታ ሊቈጠር አይገባም።

ስለዚህ የአያያዙ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ጠጕሩ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይበጠራል፤ የተንጠለጠለው ጆሮ በየጊዜው ይታያል፤ ጥርሱም ይጸዳል። በየቀኑ በእግር መንሸራሸር ያስፈልገዋል። ሆዳም ስለ ሆነ ምግቡ ተመዝኖ ይሰጠዋል፤ ትርፍ ክብደት ለደከመ ልብ ተጨማሪ ሸክም ነውና። ሽንኩርት፣ ቸኮላትና ዘቢብ ለማናቸውም ውሻ መርዝ ናቸው። ማሰሪያው በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ልቡ በየዓመቱ በእንስሳት ሐኪም ይመረመራል። ባለቤቱም ውሻው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን በሰዓት ይቍጠር፤ በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነና በዚያው ከጸና ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይገባል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት ልባቸው መስፋት ለጀመረ ውሾች የልብ ድካሙን በአማካይ በ15 ወር ያህል ያዘገያል።

ይሁንና እንክብካቤ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ በመራቢያው የገባውን ጕድለት አያርምም። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 የካቫሊየር እርባታ፣ በቀረበለት አኳኋን፣ የእንስሳትን ደኅንነት ሕግ የሚጥስ መሆኑን የወሰነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዴንማርክ በበኩልዋ ሌላ መንገድ አሳይታለች። ከ2002 ጀምሮ የወላጆቹ ልብ ሳይመረመር እንዳይራቡ በመደረጉ፣ በሽታው በተከታዮቹ ትውልዶች ላይ በግልጽ ቀንሶአል። በ1926 አፍንጫ ተለካ፤ አፍንጫም ረዘመ። በ2002 ልብ ተለካ፤ ልብም ተሻለ።

ስለሆነም ካቫሊየር ለመግዛት የተነሣ ሰው ስለ ቡችላው መልክ ከመጠየቁ በፊት የእናቱንና የአባቱን የልብ ምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። ወረቀቱን ለማሳየት የሚያመነታ አርቢ ካጋጠመው፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ትቶት ይሂድ። ቡችላው ራሱ ስለ ልቡ ሊጠይቅለት የሚችል ከገዢው በቀር ማንም የለውም።