የጾመኛው ምሳ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የምግብ ባንክ ተቋቁሞ ነበር። ነዋሪው ከቤቱ ዱቄትና ዘይት እያመጣ በአንድነት ያከማች ነበር፤ ከዚያም ለተቸገረው ይታደል ነበር። ወራቱም ዐቢይ ጾም ነበረ።

በጉለሌ፣ በዊንጌት ሰፈራችን፣ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኝ ብዙ ነው። ሥራው ሲቋረጥ ማዕዱም ይቋረጣል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን የሚዘረጋውን እናየዋለን፤ አፍሮ በሩን ዘግቶ የሚራበውን ግን ከጎረቤቱ በቀር ማን ያውቀዋል?

ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ነበር። ጎተራውን የሞላው ሕዝብ እንዳይጠፋ ነው። የእኛስ ጎተራ ወዴት ነው? ጾማችን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም ከማዕዳችን የቀረው ቁርስና ምሳ የእኛ ትርፍ አይደለም፤ የተራበው ወንድማችን ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ ለራሱ ያስቀረ ሰው ገንዘብ ቆጠበ እንጂ አልጾመም።

ወረርሽኙ ቢያልፍም ረሃብ አላለፈም። ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ በጾም ወራት በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ዱቄት ለዩ፤ በዕድራችሁና በሰንበቴያችሁ አሰባስቡ፤ ሲመሽ፣ ሰው ሳያይ፣ ወደ ተዘጋው በር አድርሱ። ከዚያ በር ውስጥ ሆኖ የሚቀበላችሁ ራሱ ክርስቶስ ነው።

ጾማችንን ከምጽዋት ጋር ይቀበልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።